ናይትሮጅኑ በራሱ ሲሞላ፦ ከድሬዳዋ የማዳቀያ ክፍል

የኮርማ አባለዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘን የምናስቀምጥበትን ታንክ ለዓመታት በእጄ ሞልቻለሁ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው በሚያልበው ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚቸኩል አስቡት። እሑድ ሳይቀር መመላለሱ ሲሰለቸኝ ከሌላ የናይትሮጅን ምንጭ ታንክ በቧንቧ በራሱ እንዲሞላ አደረግሁት።

ከቫልቩ ጀምሩ። በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ቫልቭ ለእንዲህ ዓይነት ቅዝቃዜ የተሠራና መብራት ሲጠፋ የሚዘጋ መሆን አለበት። እኔ ርካሽ ነው ብዬ የውኃ ቫልቭ ገጠምኩ፤ ጎማው እንደ ሸክላ ደርቆ ተሰነጠቀ። ጠዋት በሩን ስከፍት ወለሉ አመዳይ ለብሶ ነበር፤ አልገባሁም፣ አየሩ እስኪለወጥ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፤ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል። ስለዚህ የኦክስጅን መለኪያ ስቀሉ፣ ከ19.5 በመቶ ሲወርድ ይጩህ፣ ንባቡም ከበሩ ውጭ ይታይ።

በሁለት ቫልቮች መካከል ፈሳሽ ተዘግቶ እንዳይቀር። አንድ ሊትሩ ሲሞቅ ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ቧንቧውን ያፈነዳል። እንዲህ ባለው ቦታ ሁሉ የግፊት ማስተንፈሻ ግጠሙ፣ አፉም ወደ ሰው ፊት አይዙር። ምንጩ ታንክ ዝቅተኛ ግፊት ያለው፣ 1.5 ባር ገደማ ቢሆን ይበቃል፤ ግፊቱ ሲበዛ ፈሳሹ መንገድ ላይ ጋዝ ሆኖ ይባክናል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነው። ቧንቧው እስኪቀዘቅዝ የሚመጣው ሞቅ ያለ ጋዝ ብቻ ነው፤ ይህ ታንኩ ውስጥ ከገባ ያለውን ፈሳሽ ይጨርሳል። ስለዚህ ከታንኩ በፊት ቅርንጫፍ አውጡና፣ ጫፉ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ መቀዝቀዙን እስኪያሳይ ጋዙን ወደ ውጭ ልቀቁት።

ታንኩ ውስጥ ሦስት መለኪያ ይበቃል፦ መሙላት የሚያስጀምር፣ የሚያስቆም፣ ከሁለቱም በታች ደግሞ ደወል የሚያስጮህ። ደወሉ በባትሪ ይሥራ፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ዝም የሚል ደወል ምን ያደርጋል? የመሙያ ጊዜውንም ገድቡ። መጀመሪያ አጠገቡ ቆማችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያዙ፣ ጥቂት ጨምሩበት፤ የላይኛው መለኪያ ቢበላሽ ሰዓቱ ይዘጋዋል።

የእንጨት ዱላዬን ግን አልጣልኩም። በየሳምንቱ ነክሬ አወጣዋለሁ፣ አመዳዩ የያዘበት ድረስ ፈሳሹ አለ ማለት ነው። ባዶ ቱቦ አትንከሩ፣ ፈሳሹ በጫፉ ወደ ፊታችሁ ይረጫል። የፊት መከለያና ሰፊ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጓንት አድርጉ።

ማሽኑ የሞላበትን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በየስድስት ቀኑ ይሞላ የነበረው ታንክ በየሦስት ቀኑ መጠየቅ ሲጀምር፣ አንገቱ ሥር ላብ አገኘሁበት። በታንኩ ድርብ ግድግዳ መካከል ያለው አየር አልባ ክፍተት አየር ገብቶበት ነበር። የዚያኑ ቀን አባለዘሩን ወደ ሌላ ታንክ አዛወርኩ።