ቤቢ ሞኒተሩ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቤቢ ሞኒተር፣ ማለትም የሕፃኑን ድምፅ ወይም ምስል ሌላ ክፍል ላለ ወላጅ የሚያደርሰው መሣሪያ፣ እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። አክስት ከአሜሪካ ትልካለች፣ ጓደኛ ከዱባይ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሲያስቸግር ወስደው የሚጠይቁት ሻጭ የለም። ከወላጆች ጋር ስናወራ ደግሞ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ፤ “ተበላሸ” ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተወረወረው ብዙው ደህና ነው። ለሌላ መብራትና ለሌላ ግድግዳ ስለተሠራ ነው የሚያስቸግረው። ስለዚህ ዕቃውን ከመፍታታችሁ በፊት ቤታችሁን እዩ።

ለአነጋገር እንዲመቸን ልጁ ጋ የሚቀመጠውን ላኪ፣ እናንተ ጋ ያለውን ተቀባይ እላለሁ።

ገና ሲሰካ ጧ ብሎ ጠፋ፣ ወይም ጭራሽ አይበራም

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር ነው። ጀርባው ላይ “ኢንፑት” ከሚለው ቀጥሎ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። በዓይን ካልተነበበ በሞባይል ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩት። 100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ የሚል ከሆነ ያለ ስጋት ሰኩት። 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ብቻ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በሶኬት መቀየሪያዋ ነው። ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ ጠፍጣፋውን እግር ወደ ድቡልቡል ከመቀየር ውጪ ሌላ ሥራ የላትም። ቮልት አትቀንስም።

መፍትሄው “አውትፑት” የሚለው መስመር ላይ ነው። 5 ቮልት ከሆነና ገመዱ ዩኤስቢ ከሆነ ደህና የሞባይል ቻርጀር ይተካዋል። አምፒሩ ብቻ ከተጻፈው እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ጫፉ የተለየ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሂዱና ቮልቱም፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ አቀማመጥም አንድ የሆነ አስመርጡ። ዕቃው አንዴ ጧ ብሎ ከሆነም ቶሎ አትጣሉት። ቻርጀሩ ብቻ ተቃጥሎ ዋናው የሚተርፍበት ጊዜ አለ።

ገና ልታስመጡ ከሆነ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ቢሆን እመርጣለሁ። መብራታቸው ከእኛው ጋር ይቀራረባል። ሌላም ምክንያት አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ብዙ ዲጂታል የድምፅ ሞኒተሮች 1.9 ጊጋሄርዝ አካባቢ ያለ ሞገድ ይጠቀማሉ። ያ ሞገድ በአውሮፓም በእኛም አገር ለ3ጂ ሞባይል የተመደበ ስለሆነ ሁለቱ ይረባበሻሉ። የአውሮፓው ሞኒተር ከዚያ ትንሽ ዝቅ ባለ ሞገድ ነው የሚሠራው።

ወጥ ቤት ስገባ ይቆራረጣል

ካርቶኑ ላይ 300 ሜትር ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። እሱ ግን ሜዳ ላይ፣ በመሀል ምንም ነገር በሌለበት የተለካ ነው። ብዙ የአሜሪካ ቤቶች የውስጥ ግድግዳቸው እንጨትና ጂፕሰም ቦርድ ነው። ሞገድ በቀላሉ ያልፈዋል። የእኛ ኮንዶሚኒየም ብሎኬትና አርማታ ነው፤ በአርማታው ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። ወጥ ቤቱ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራ ሰርቪስ ከሆነ ጭራሽ ይብሳል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል እንጂ አያሳልፍም።

ለመሞከር ልጁን ማስለቀስ አያስፈልግም። ላኪው አጠገብ ሬዲዮ ወይም በሞባይል መዝሙር ክፈቱ። ከዚያ ተቀባዩን ይዛችሁ የምትውሉበትን ቦታ ሁሉ ዙሩ፤ ምጣዱ ጋ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ በረንዳ ላይ። የት እንደሚቆራረጥ ታውቃላችሁ። ከዚያ ላኪውን ከአልጋው ሥር ወይም ከብረት ቁም ሳጥን ጀርባ አውጡና ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አድርጉት። በተቻለ መጠን ከእናንተ ጋር በበር ወይም በመስኮት በኩል የሚተያይ ይሁን። ተቀባዩንም ወጥ ቤት ስትገቡ ኪስ ውስጥ ከምትከቱት መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጡት። የአንድ ክንድ ያህል መራቅ ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

ምግብ ስታሞቁ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ማይክሮዌቩ ነው። ማይክሮዌቭ፣ ዋይፋይና አብዛኛው የቪዲዮ ሞኒተር የሚሠሩት በአንድ አካባቢ፣ 2.4 ጊጋሄርዝ ገደማ ነው። አራርቋቸው።

ላኪውን ስታዘዋውሩ ግን አንድ ነገር በፍጹም እንዳትዘነጉ። ገመዱ ከልጁ አልጋ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን 3 ጫማ የሚለው ይህንኑ ነው። ይህን ያለው እንዲሁ ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ የሞኒተር ገመድ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ የሞቱ ሕፃናት ስላሉ ነው። ዛሬ እጁን የማይዘረጋ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ቆሞ ገመዱን ይስባል። የአልጋው ጠርዝ ላይ ካሜራ መስቀል የሚያምር ይመስላል፤ አታድርጉት። ገመዱን በግድግዳው ላይ በሚስማር ክሊፕ አስይዙት።

ያፏጫል

ላኪውና ተቀባዩ ተቀራርበዋል። አንዱ የሌላውን ድምፅ መልሶ እየሰማ ነው። አራርቋቸው ወይም ድምፁን ቀንሱ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ዝጉት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት በወላጆቹ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ላይ ቢተኛ ይመክራል። ክፍል መጋራቱን እኛም ቤት ድሮም የምናደርገው ነው። እንዲህ ለሚተኛ ቤተሰብ ሞኒተሩ የሚጠቅመው ለቀን እንቅልፍ ስለሆነ ርካሹ የድምፅ ሞኒተር ከበቂ በላይ ነው።

ሌሊት ምስሉ ነጭ ብቻ ነው

ቀን ጥርት ብሎ ያሳያል። መብራት ሲጠፋ ግን ስክሪኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ልጁ አይታይም። መጀመሪያ አጎበሩን እዩ።

የካሜራው ዓይን ዙሪያ ትንንሽ መብራቶች አሉ። በጨለማ ለእኛ ዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫሉ፤ ካሜራው በዚያ ነው የሚያየው። ፊት ለፊት ነጭ አጎበር ካለ ብርሃኑ ከክሩ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ካሜራው አጎበሩን እንጂ ከኋላው ያለውን ልጅ አያይም። በመስታወት በኩል እንዲያይ ካደረጋችሁትም፣ ግድግዳ በጣም ከተጠጋም ያው ነው።

አጎበሩን አታንሱ። ወባ ባለበት አካባቢ ከምስሉ ይልቅ እሱ ይበልጣል። ካሜራውን ከአጎበሩ ራቅ አድርጉና ከላይ ወደ ታች ሰያፍ እንዲያይ አዙሩት። አንዳንዱ ካሜራ ኢንፍራሬዱን መዝጋት ይፈቅዳል፤ እሱን ዘግታችሁ ደብዘዝ ያለ የሌሊት መብራት ከካሜራው በተቃራኒ በኩል ብታደርጉ ይሻላል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ድምፁ በቂ ነው። ዓይኑንም በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ አቧራና የጣት ቅባት ሌሊት ላይ ጭጋግ ይሆናል።

ልጁ እያለቀሰ ሞኒተሩ ዝም ይላል

ብዙ ሞኒተሮች ባትሪ ለመቆጠብ ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ ይተኛሉ። ስንት ድምፅ ሲሰሙ እንደሚነቁ የሚወስነው “ሴንሲቲቪቲ” የሚባለው ማስተካከያ ነው። ዝቅ ካለ ጨቅላው እህህ ሲል አይነቃም፤ ሲንጫጫ ብቻ ነው የሚነቃው። ከፍ አድርጉትና ላኪው አጠገብ ቀስ ብላችሁ እያወራችሁ ሞክሩ። በተቃራኒው የጎረቤት ውሻ በጮኸ ቁጥር የሚያስነሳችሁ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት፤ ላኪውንም ከመስኮቱ አርቁት።

አሮጌ ሞባይል እንደ ሞኒተር የምትጠቀሙ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አፑን ራሱ ይዘጋዋል። ሴቲንግ ገብታችሁ ለዚያ አፕ የባትሪ ቁጠባውን አጥፉ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ የሚያድር ስልክ ጠረጴዛ ላይ ይደር እንጂ ፍራሽ ላይ አይቀመጥ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ደግሞ ልጅ ክፍል መግባት የለበትም።

ካሜራው ከዋይፋይ ጋር አልገናኝም ይላል

አብዛኞቹ የሕፃን ካሜራዎች የሚያውቁት የ2.4 ጊጋሄርዝ ዋይፋይን ብቻ ነው። ስልካችሁ በ5 ጊጋሄርዙ ከተያያዘ ሁለቱ አይተዋወቁም። ራውተሩ ሁለት ስም ካወጣ መጨረሻው ላይ 5ጂ የሌለበትን ምረጡ። አንድ ስም ብቻ ካለው ካሜራው እስኪገናኝ ድረስ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ባለ 5ቱን ዝጉት። በዚያ ሰዓት የስልኩን ዳታ ማጥፋትና ሎኬሽን መክፈትም ይረዳል። በኋላ ከሥራ ቦታ ስታዩ ካርድ ቶሎ እንዳያልቅ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጉ።

መብራት ሲሄድ

ተቀባዩ ባትሪ አለው፤ ላኪው ግን ብዙ ጊዜ የለውም። መብራት ሲሄድ ላኪው ይሞታል፣ ተቀባዩ ደግሞ ሲግናል ጠፋ ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ “ላኪው በባትሪ ይሠራል ወይ?” ይሁን። እኔ ከስክሪኑ ስፋት በፊት የማየው ይህን ነው። የገዛችሁት ባትሪ ከሌለውና ዩኤስቢ ከሆነ ቻርጅ እየተደረገ መስጠት የሚችል ፓወር ባንክ መሀል ላይ ማስገባት ትችላላችሁ። የዋይፋይ ካሜራ ከሆነ ራውተሩም መብራት ይፈልጋል፤ ለራውተር የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የምታስቀጥል) ግዙ።

መብራት ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ስለሚችል ሁሉንም ነቅላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ካሜራው ካልተመለሰ ራውተሩ ቀድሞ መነሳቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ካሜራውን ነቅላችሁ መልሱት።

የማላውቀው ሰው ድምፅ ሰማሁ

የቆየ አናሎግ የድምፅ ሞኒተር ከሆነ የጎረቤት ሞኒተር በአንድ ቻናል ላይ ገብቶ ይሆናል። ቻናሉን ቀይሩ፤ ግን የእናንተም ድምፅ ለእነሱ እንደሚሰማ እወቁ።

የዋይፋይ ካሜራ ከሆነ፣ ወይም ካሜራው ማንም ሳይነካው ከዞረ ወዲያው ንቀሉት። የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፣ በሩሲያ የተከፈተ አንድ ድረ ገጽ የቤቢ ሞኒተሮችን ምስል ጭምር በቀጥታ ያሳይ ነበር። መግቢያው ደግሞ ከፋብሪካ የመጣና ያልተቀየረ ፓስወርድ ነበር። እዚያው ብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ ፓስወርድ በሕግ ተከልክሏል። በሰው ሻንጣ የመጣ ርካሽ ካሜራን ግን የሚቆጣጠርላችሁ የለም። ካሜራውን ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሱት፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት ረጅም ፓስወርድ ስጡት፣ አፑን አድሱ፣ በስልክ ኮድ የሚያረጋግጠውን ሁለተኛ መግቢያ ክፈቱ። የራውተሩንም ፓስወርድ ቀይሩ። ከሰው የተገዛ አሮጌ ካሜራ ሁሌም ሪሴት ይደረግ። ከቀድሞው ባለቤት አፕ ላይ መውጣቱንም አረጋግጡ።

የኦክስጅንና የልብ ምት ካልሲው ሌሊት ሌሊት ይጮኻል

ይህ ልጁ እግር ላይ ተጠልቆ የደሙን ኦክስጅንና የልብ ምቱን የሚከታተል መሣሪያ ነው። ሲጮኽ ብዙውን ጊዜ ካልሲው ላልቷል፣ እግሩ ቀዝቅዟል ወይም ልጁ ተወራጭቷል። ሆኖም አፑን ከማየታችሁ በፊት ልጁን እዩ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ካስቸገረው ሐኪም ቤት ነው፤ ማስተካከያ አይነካም። ደህና ከሆነ እግሩን አድርቁ፣ በልኩ አጥብቁት፣ ወደ ሌላኛው እግር ቀይሩት።

ዕቃው ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን ይከላከላል ብላችሁ ከገዛችሁት ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚው በ2022 እ.ኤ.አ. ባደሰው መመሪያ የቤት መሣሪያን ለዚህ ብሎ መጠቀምን አይመክርም። የሚመክረው በጀርባ ማስተኛት፣ ጠንከር ያለና ሜዳ ፍራሽ፣ ትራስና ለስላሳ ብርድ ልብስ የሌለበት መኝታ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ባትሪ ይሠራል።

ካሜራው ሥራ ስሄድ ብቻ ይጠፋል

ሲግናሉም መብራቱም ደህና ሆኖ ቀን ቀን ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሞግዚቷ እየነቀለችው ይሆናል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ማንም ያልነገራት መሆኑ ነው።

የእናትን ጭንቀት አውቀዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። የሦስት ወር ጨቅላ ጥሎ መሄድ ከባድ ነው፤ ካሜራ መፈለግ ነውር አይደለም። ግን ደብቆ መስቀል ልጁን ከምታቅፈው ሰው ጋር ያጣላል። እሷም ሰው ናት። ስትታይ መዋሏን በድንገት ካወቀች ትቀየማለች፤ ከዚያ ወይ ትነቅለዋለች ወይ ትሄዳለች።

ከመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብላችሁ ንገሯት። “እህቴ፣ ልጁን ስናፍቅ እንዳየው ብዬ ነው” በሏት፤ የምታዩትንም ምስል በስልካችሁ አሳይዋት። ካሜራው የልጁን አልጋና መጫወቻ ቦታውን ብቻ ይይ። እሷ የምትተኛበት፣ ልብስ የምትቀይርበት ቦታ ፈጽሞ አይግባ። ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ይህንንም ትወቅ፤ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ትሰማላችሁና። ፓስወርዱ አሜሪካ ላለችው አያት ወይም ለአክስት ተሰጥቶ ከሆነ ማን ማን እንደሚያይ በስም ንገሯት።