የዓባይን ስም በኩርባው ላይ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካርታን በኮድ የሚስል ሰው የወንዙ ስም ከወንዙ ጋር አብሮ እንዲታጠፍ ሲፈልግ፣ በኤስቪጂ (ሥዕልን በመስመርና በቅርጽ በኮድ በሚገልጸው ቅርጸት) ውስጥ «ቴክስትፓዝ» የተባለውን መለያ ይጠቀማል። መለያው ፊደላቱን አንድ በአንድ በመስመሩ ላይ ይደረድራል፤ የግእዝ ፊደል እንደ ዐረብኛ ተቀጣጥሎ ስለማይጻፍ ለዚህ አሠራር ይመቻል።

በጣም የተለመደው ስህተት የመስመሩን አቅጣጫ መዘንጋት ነው። ጽሑፉ የሚሄደው መስመሩ ከተጀመረበት ወደሚያልቅበት ነው። ዓባይን ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር ብንስለው፣ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይመለሳል፤ በዚህ በታችኛው ክፍል «ዓባይ» ብለን ብንጽፍ ፊደላቱ ተዘቅዝቀው ከቀኝ ወደ ግራ ይሰለፋሉ። መላውን መስመር መገልበጥ መፍትሔ አይደለም፤ ያን ጊዜ በጣና በኩል ያለው ክፍል ይዘቀዘቃል። መታየት ያለበት ስሙ የሚያርፍበት ቁራጭ ብቻ ነው፦ «ጌትፖይንትአትሌንግዝ» በተባለው ትእዛዝ ስሙ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ነጥብ ወስደን፣ ማብቂያው ከመጀመሪያው በስተግራ ከሆነ ያን ቁራጭ ገልብጠን ለጽሑፉ ብቻ የሚያገለግል የማይታይ መስመር እናደርገዋለን።

መገልበጡ ግን ጽሑፉ የሚቆምበትንም ወገን ይለውጣል። ስሙ አሁን ከመስመሩ በላይ፣ በጎጃም በኩል፣ በኩርባው ሆድ ውስጥ ይሆናል፤ በዚያ የፊደላቱ ራስ ይጠጋጋል፣ ኩርባው ጠባብ ከሆነም ይነካካል። ፊደላትን ወደ ላይና ወደ ታች በሚያንቀሳቅሰው «ዲዋይ» በተባለው መጠን ወደ ውጭ ብናወጣው ደግሞ ፊደላቱ ስለሚራራቁ ክፍተታቸውን በጥቂቱ ማጥበብ ይገባል። የወንዙን ጥምዝምዝ ሁሉ ለጽሑፉ ማስከተልም ስህተት ነው፤ በእኔ ግምት ለስሙ ሁልጊዜ ለስለስ ያለ፣ ለብቻው የተሳለ ኩርባ ይሻላል።

ርዝመትን አለመለካት ሌላው ነው። ከመስመሩ ጫፍ ያለፈ ፊደል አይሳልም፣ የስህተት መልእክትም አይመጣም። መስመሩ 120 ነጥብ፣ ጽሑፉ 150 ቢሆን የመጨረሻዎቹ ፊደላት ዝም ብለው ይጠፋሉ። የጽሑፉን መነሻ በመስመሩ 50 በመቶ ላይ አድርጎ መልሕቁን (ጽሑፉ በየትኛው ክፍሉ መነሻው ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነውን) መሃል ላይ አለማድረግም ያንኑ ያመጣል፤ ጽሑፉ ከመሃል ይጀምርና ከመስመሩ ግማሽ ከረዘመ ጅራቱ ይቆረጣል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ፎንቱ ከተጫነ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ የተለካው የሌላ ፎንት ስፋት ይሆናል።

ጽሑፉን በመስመሩ መሃል ለማሳረፍ ፊደላት በመስመሩ ላይ የሚያርፉበትን ከፍታ የሚወስነውን «ዶሚናንት ቤዝላይን»ን «ሚድል» (መሃል) ማለት ለእኛ ፊደል አይሠራም። ስሌቱ የተመሠረተው በትንሿ የላቲን «ኤክስ» ቁመት ስለሆነ፣ መስመሩ የረዘመውን ፊደላችንን ከወገቡ በታች ያቋርጠዋል። በ«ዲዋይ» በዓይን ማስተካከል ይበልጣል።

በመጨረሻ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ካርታ ካለና ኮዱ ለሁለቱም ኩርባዎች አንድ ዓይነት አይዲ (መለያ ስም) ከሰጠ፣ የሁለተኛው ካርታ ስም የመጀመሪያውን ኩርባ ይከተላል። ይህ እኔን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ የተዋበ የአዋሽ ስም በዓባይ ኩርባ ቅርጽ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር።