ከሐዋሳ ተነስቶ ባሌ ላይ ሁለት ሌሊት በቴንት፦ ከጓደኞቻችሁ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወጡ

ቴሌግራም ግሩፕ ስትከፍቱ ዘጠኝ ሰው "አለሁ" ይላል፣ ሻሸመኔ መናኸሪያ ስትደርሱ አራት ናችሁ። የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር ግን ከዛ በኋላ የጠየቅኩት ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚነግረኝ። ስለዚህ እቅዱ ከካርታ አይጀምርም፣ ከብር ነው የሚጀምረው። ቀን ቁረጡ፣ በሳምንቱ ሁሉም ሰው ግማሹን ብር አንድ ገንዘብ ያዥ ጋር ያስገባ፣ ልክ እንደ እቁብ፣ የቀረ ሰው ብሩ አይመለስለትም። ጨካኝ ይመስላል ግን ፈረስ፣ አስጎብኚ፣ ምግብ ሁሉ በሰው ቁጥር ነው የሚሰላው፣ ለዘጠኝ የታሰበ ነገር ለአራት ሲከፈል ወዳጅነት ያበላሻል። ቁጥሩ ደግሞ ከስድስት ባይበልጥ፣ ከዛ በላይ ከሆነ አንዱን ስታነቁ አንዱ ይተኛል።

ሁለተኛው ነገር አቅም ነው፣ እና ይሄን እኛ ተሳስተንበታል። እቅዱን ያወጣው ኳስ የሚጫወተው ጓደኛችን ነበር፣ እሱ ልክ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምትውለዋ ጓደኛችን ገና በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ላይ ተንበርክካ "እናንተ ሂዱ" አለች፣ የት ነው የምንሄደው፣ ቴንቱ እኮ እሷ ጋር ነው። አሁን ህጋችን አንድ ነው፣ እቅዱ በጣም ዝግ በሚለው ሰው ልክ ይወጣል፣ ስንሄድም እሱ ከፊት ይቀድማል። ከኋላ ከሆነ ሁሌ ሲደርስ እናንተ አርፋችሁ ትነሳላችሁ፣ እሱ ግን አንዴም ሳያርፍ ይውላል።

የት እንሂድ ለሚለው ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው የኔ መልስ ባሌ ነው፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቢሮ ያለባት ዲንሾ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኙ፣ በሚኒባስ ሻሸመኔ፣ ከዛ የሮቤ ወይ የጎባ መኪና ይዛችሁ በኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ላይ ትወርዳላችሁ። ለረዳቱ ገና ስትገቡ "ዲንሾ ወራጅ አለ" በሉት፣ ካለዚያ ሮቤ ነው የምትነቁት። ቦርሳ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣ ከሆነ መዳበሪያ ውስጥ ከታችሁ እሰሩት፣ ሂሳቡንም ሳይጫን ተነጋገሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት መንገዱ እንዴት ነው ብላችሁ ሾፌሮቹንም ፓርኩንም ጠይቁ፣ ይሄን አትዝለሉ።

ቀኑን እንዲህ ያዙት። ሐሙስ መንገድና ዲንሾ አዳር፣ አርብ በእግር ቴንት ወደሚተከልበት ፏፏቴው ጋ፣ ፊንጫ ሀበራ፣ ቅዳሜ ቴንቱን እዛው ትታችሁ በቀላል ቦርሳ የወብን ሸለቆ መዞር፣ እሁድ ወደ ዲንሾ መመለስ፣ ሰኞ ወደ ሐዋሳ። እሁድ ማታ ሐዋሳ እገባለሁ ብሎ ያቀደ ሰው እሁድ ከሰዓት ዲንሾ አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ የሞላ መኪና ሲቆጥር ይመሻል፣ እኔ ቆጥሬያለሁ። ሰኞን ፈቃድ ውሰዱ።

ዲንሾ ማደሩ ዝም ብሎ አይደለም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ዲንሾ ከ3,000 በላይ፣ ፊንጫ ሀበራ ደግሞ 3,500 ገደማ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ የምትተኙበት ቦታ ከትናንትናው በ500 ሜትር ባይበልጥ ነው የሚመከረው፣ ይሄ እቅድ በዛ ልክ የተሰራ ነው። 4,377 ሜትር ያለውን የቱሉ ዲምቱን ተራራ ለሚቀጥለው ዙር አቆዩት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ከመጣ እዛው ቆዩ፣ ወደ ላይ የለም። ሰውየው እንደሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል፣ "ይነጋና እናያለን" የሚባል ነገር የለም። ብዙዎቻችን ራስ ምታቱን ቡና ስላልጠጣሁ ነው እንላለን፣ ቡናውን ስጡትና ካልተሻለው እመኑት።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብትወጡ ደረቅ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው። ግን ደረቅ ማለት ሞቃት ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ሰማዩ ጥርት ስለሚል የሌሊቱ ብርድ የሚብሰው ያኔ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማታ በሹራብ የምትቀመጡበትን ቀን ወስዳችሁ 12 ዲግሪ ቀንሱለት። እኔ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሽንት ወጥሮኝ ቴንቱን ልከፍት ስል ዚፑ እምቢ አለ። በባትሪ ሳየው ትንፋሻችን ውስጡ ላይ ወዝቶ፣ ወዙ ደግሞ ዚፑ ጥርስ ላይ በረዶ ሆኖ ነጭ ጨው መስሏል፣ በአፌ እፍ እያልኩ አንድ በአንድ አላቀቅኩት። ከታች መሬቱ ነው ሰው የሚገድለው፣ ስለዚህ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ከመደራረብ ከስር ወፍራም ፎም አንጥፉ። ስሊፒንግ ባግ የሌለው ጋቢ በብርድ ልብስ ውስጥ አድርጎ ይጠቅለልበት፣ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ደረቅ ካልሲና ቱታ በፌስታል ይያዝ፣ የሱፍ ኮፍያም እንዲሁ። ሳልባጅ ተራ ብትዞሩ ከአዲስ ሱቅ የተሻለ ጃኬት በርካሽ ታገኛላችሁ፣ ጂንስና ጥጥ ሹራብ ግን ተዉት፣ ከረጠበ አይደርቅም።

አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ፣ ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ቴንት ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ትንሽ ፍም ናት፣ በሩን እንከፍታለን ምናምን አይሰራም። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ላምባ ምድጃውም ውጭ ነው የሚቀጣጠለው።

ቦርሳ ከራሳችሁ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ፣ 60 ኪሎ ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው፣ ውሃው ተቆጥሮ። 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ነው። ከባዱ ነገር ከጀርባ ተጠግቶ መሃል ላይ፣ ክብደቱ ደግሞ በወገብ ቀበቶው ዳሌ ላይ እንጂ ትከሻ ላይ አይረፍ። ቴንት፣ ድስት፣ ምድጃ የጋራ ስለሆነ አንድ ሰው ላይ አይከመር፣ አንዱ ሸራውን አንዱ ብረቱን ይያዝ። እኛ ስንሄድ አንዱ እስከ ክንዱ የሚደርስ ስፒከር ይዞ መጣ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ "የጋራ ነው" ብሎ ሊያከፋፍለን ሞከረ። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቅዳሜ ሙሉ ቦርሳችሁን አዝላችሁ ታቦርን ሁለቴ ውጡና ውረዱ፣ ወይ አላሙራን፣ ሰው እያየ ይስቃል ይሳቅ፣ የሚቆርጣችሁ ማንጠልጠያና የሚያሻችሁ ጫማ እዛው ይታወቃል። አዲስ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው ካለ መልሱት። እግር ውሃ የሚቋጥረው ድንገት አይደለም፣ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ያቃጠለ ለታ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ፣ "ስንደርስ" ካላችሁ አለቀ። ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የጭነት ፈረስ ከባለቤቱ ጋር ተከራዩ፣ ምንም ሼም የለውም፣ አስጎብኚውም ፈረሱም ዲንሾ ላይ ይገኛል፣ መታወቂያችሁን አትርሱ።

ምግብ ላይ ሁሉም ሼፍ ነው። እኛ ድፍን ምስር ይዘን ወጣን፣ እዛ ከፍታ ላይ ግን ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ይንተከተካል እንጂ ያን ያህል አይሞቅም፣ ምስሩ ማታ 3 ሰዓት ሆኖ ላምባችን እያለቀ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። ቶሎ የሚበስል ነገር ያዙ፣ ሽሮ፣ ኢንዶሚ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽ በተለይ ቀላል ነው፣ በሙቅ ውሃና በበርበሬ ጉድ ነው የሚሆነው። ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር። በሶ ደግሞ የዚህ ሁሉ ንጉስ ነው፣ እሳት አይፈልግ፣ አይበላሽ፣ በስኳር በጥብጣችሁ ትጠጡታላችሁ። እንደ ሐዋሳ ልጅ ግሩፓችሁ ውስጥ ኦርቶዶክስም ጴንጤም ሙስሊምም ይኖራል፣ አርብ ደግሞ ጾም ነው፣ በግ ገዝተን እንረድ የሚል ሀሳብ መምጣቱ አይቀርም፣ ከዛ ማን ይባርክ የሚለው ጭቅጭቅ። ስጋውን ሐዋሳ ስትመለሱ ብሉ፣ እዛ ሁሉም የጾም ይብላና ሰላም ነው።

የወንዙ ውሃ ንጹህ ይመስላል ግን ከላይ ከብት አለ። በነጠላ አጥሉና ሦስት ደቂቃ በደንብ አፍሉት፣ ወይ ውሃ አጋር ጨምራችሁ የተጻፈበትን ያህል ጠብቁ። መጸዳጃ ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ራቅ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሶፍቱ በፌስታል ይመለሳል። እዛ የሚበቅለውን አስታ የሚባል ቁጥቋጦ ቆርጣችሁ እሳት አታንድዱ። ውሻ ይዤ ልምጣ የሚል ካለ አይቻልም፣ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከነሱም ግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ የሚጨርሳቸው ደግሞ ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሸለቆው ላይ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ የቆመ ቀበሮ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ እሱ ቁርሱን እየጠበቀ ነው። በነገራችን ላይ እዛ ፍልፈል የበላው ቀበሮ ብቻ አይደለም፣ ፊንጫ ሀበራ ያለው ዋሻ ውስጥ ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ይኖር እንደነበርና ፍልፈል ጠብሶ ይበላ እንደነበር ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ አሳትመዋል። እኛ በምስር የተሸነፍንበት ቦታ ማለት ነው።

ስልክ ሸለቆው ውስጥ አትመኑት። ለቤተሰብ የት እንደምታድሩና ሰኞ እስከ ማታ 2 ሰዓት ካልደወላችሁ ማን ጋር እንደሚደውሉ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፣ በተለይ እናት "ዲንሾ" ብቻ ብላችሁ ከሄዳችሁ እንቅልፍ የላትም። ስልኩንና ፓወር ባንኩን ማታ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። የእረኞች ውሾች ኃይለኞች ናቸው፣ አትሩጡ፣ ባለቤቱን ጥሩ፣ "አካም ጅርቱ" ማለትን ደግሞ ልመዱ፣ ሰዉ በጣም ነው ደስ የሚለው። ካምፕ ከ10 ሰዓት በፊት ግቡ፣ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ቴንት በጨለማ መትከል የማታ ማታ ለጠብ ነው።

ሐዋሳ እንደገባችሁ፣ አሞራ ገደል ዓሳ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን እዛው ቁጭ ብሎ ይዝጋ፣ ቴንቱም በዛው ቀን ግቢ ውስጥ ይሰጣ። የኛን እርጥቡን ጠቅልለን አንዱ ጓደኛችን አልጋ ስር ከትተነው ከወር በኋላ ስንከፍተው ሻግቶ ቤቱ በሙሉ ሸተተ፣ እናቱ እስካሁን ስታየኝ ስለ ቴንቱ ነው የምትጠይቀኝ።