ግራንድ ኬይማን ላይ መርከቡ ሊያመልጠን ነበር፣ የስልካችንን ሰዓት እንዲህ አስተካከልነው

ሐምሌ ላይ ከልጆቹና ከእማዬ ጋር በክሩዝ ከማያሚ ተነስተን ካሪቢያን ባሕር ላይ ወዳሉት ደሴቶች ግራንድ ኬይማን፣ ጃማይካና ኮዙሜል ሄደን ነበር። ግራንድ ኬይማን ላይ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌለ በትንሽ ጀልባ ነው ወደ ከተማው የምትወርዱት፣ እኛም በራሳችን በያዝነው ቱር ስቲንግሬይ ሲቲ (ስቲንግሬይ ከሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች ጋር ውሃ ውስጥ የሚገባበት ቦታ) ሄደን ልጆቹ ከውሃው አልወጣ ብለው ስንመለስ ስልኬ 2:10 ይላል፣ የመርከቡ ሰዓት ግን 3:10 ነው፣ የመጨረሻዋ ጀልባ ደግሞ 3:30! እማዬን ደግፈን እየሮጥን ደረስን፣ ልቤ እስከ ማታ አልተረጋጋም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሦስቱም ቦታ እንደ ማያሚ በሰመር ሰዓታቸውን ወደፊት ስለማይቀይሩ በዚያ ወቅት ከማያሚ 1 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ዝም ብሎ ራሱን ይቀይራል፣ መርከባችን ግን በማያሚ ሰዓት ነው የቀጠለው።

ማታውኑ ሁሉም ስልክ ላይ ሴቲንግ ገብቼ ሰዓቱን በራሱ እንዲቀይር የሚያደርገውን አጥፍቼ ኒውዮርክ ላይ አደረግኩት፣ ለልጁም ተራ የእጅ ሰዓት አሰርኩለት። እማዬ በሐበሻ ስለምትቆጥር 3:30 ማለት 9 ሰዓት ተኩል ነው ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት።

አንዳንድ መርከብ ሰዓቱን ስለሚቀይር ከመውረዳችሁ በፊት በር ላይ ያሉትን ጠይቁ። በተለይ ቱሩን ከመርከቡ ካልገዛችሁ፣ ብትዘገዩ አይጠብቃችሁም። ኮዙሜል ላይ 1 ሰዓት ቀድመን ተመልሰን ወደቡ ላይ አይስክሬም በላን።