እሬት (አሎቬራ) ቤት ውስጥ አሳድጎ መጠቀም፣ ቢጫውን ውሃ ግን ተጠንቀቁ

በረንዳ ላይ አንድ ቫዝ የምታስቀምጡበት ቦታ ካላችሁ አሎቬራ ከሱቅ መግዛት አያስፈልጋችሁም፣ ከራሳችሁ ተክል የምታወጡት ሽቶም ቀለምም ያልገባበት ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሁለት ነገር ላይ ይሳሳታል፣ አንደኛ ውሃ ያበዛበታል፣ ሁለተኛ ቅጠሉን ቆርጦ ቢጫው ፈሳሽ ሳይወጣለት ይቀባዋል፣ ከዛም አልፎ ፈጭቶ የሚጠጣው አለ።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ተክል ያዙ። እሬት ሁሉ አንድ አይደለም። ሀገራችን የራሷ ብዙ አይነት እሬት አላት፣ ሌላ ሀገር ጭራሽ የማይገኙም አሉ፣ ለምሳሌ ሸዋ ውስጥ ደብረ ብርሃን አካባቢ የሚበቅለው ቀይ አበባ ያለው እሬት ሳይንሳዊ ስሙም የወጣለት ከዛው ከከተማዋ ነው። አሎቬራ የሚባለው ግን መነሻው የአረቢያ ምድር ነው፣ አበባው ቢጫ ነው፣ ቅጠሉ ወፍራምና ውስጡ ብዙ ጄል የያዘ ነው። ስለዚ ከመንገድ ዳር ወይ ከተራራ ላይ የበቀለውን እሬት ነቅላችሁ አሎቬራ ነው ብላችሁ ፊታችሁ ላይ አትቀቡ፣ የዱሩንም ለቦታው ተዉለት፣ አንዳንዱ ዘሩ እየተመናመነ ነው። ችግኝ ከሚሸጡት ጋር ሂዱ ወይም ጎረቤት ካለው ልጁን ለምኑ።

ልጁን ያልኩት ከእናትየው ስር የምትወጣዋን ትንሿን ነው። እሷ ናት የምትተከለው። ብዙ ሰው ቅጠል ቆርጦ አፈር ውስጥ ይሰካና ይጠብቃል፣ አሎቬራ በቅጠል ብዙም አይፀድቅም፣ ይበሰብሳል። ልጅቷ ቢያንስ የጣት ርዝመት ስትደርስና የራሷ ስር ሲኖራት አፈሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ከእናትየው ለይዋት፣ የተቆረጠው ቦታ እንዲደርቅ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አሳድሯት ከዛ ትከሏት፣ ከተከላችሁ በኋላም ሳምንት ያህል ውሃ አትስጧት።

ለመትከያ የሸክላ ቫዝ በጣም ጥሩ ነው ምክንያቱም ውሃ በጎኑም ይተንናል፣ ከሌላችሁ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም የቀለም ባልዲ ይበቃል፣ ዋናው ነገር ከቫዙ ታች ቀዳዳ መኖሩ ነው። ቀዳዳ ከሌለው በቃ ተክሉ አለቀለት። አፈሩን ግማሽ በግማሽ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሉ፣ ደቃቅ ሬድ አሽ ካገኛችሁም ይሆናል፣ ጥቁር መረሬ አፈር ግን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ብቻውን አይሆንም።

ውሃ ላይ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ይሄ ተክል የበረሃ ተክል ነው፣ ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል፣ አየር የሚያስገባበትን ቀዳዳም ሌሎች ተክሎች ቀን ሲከፍቱ እሱ የሚከፍተው ማታ ነው፣ ውሃ በሙቀት እንዳይተንበት። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፣ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት፣ ደረቅ ከሆነ ከስር እስኪወጣ በደንብ አጠጡና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። አዲስ አበባ ላይ በበጋ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፣ ክረምት ላይ ግን ዝናብ ከሚመታው ቦታ አንስታችሁ ከጣራ ስር አስገቡት። ቅጠሉ ከስር ጀምሮ ቢጫና ልስልስ ካለ ውሃ በዝቶበታል፣ ከቀጠነና ከታጠፈ ጠምቶታል። ሰው ግን ሁለቱንም ሲያይ ውሃ ይጨምራል!

ብርሃን ይወዳል፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ተስማሚው ነው። ቤት ውስጥ የነበረውን ድንገት ፀሐይ ላይ ብታወጡት ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል፣ ቀስ በቀስ አለማምዱት፣ አረብ ሀገር ያላችሁም የቀትሩ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ወደ ጥላ አስጠጉት። ውርጭ ደግሞ ይገድለዋል፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ደጋ ያላችሁ፣ አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁም በክረምት፣ ማታ ወደ ቤት አስገቡት።

አሁን ወደ መቁረጡ። ተክሉ ብዙ ወፍራም ቅጠል እስኪያወጣ ታገሱት፣ ከዛ የውጪውን ትልቅ ቅጠል ከስሩ በንፁህ ቢላ ቁረጡ፣ የመሃሉን ለጋ አትንኩ። የተቆረጠውን ቅጠል ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙትና ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። የሚንጠባጠበው ቢጫ ነገር አሎይን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አለበት፣ እናቶቻችን ጡት ለማስጣል እሬት የሚቀቡት ለዚሁ ምሬት ነው፣ ግን ሆድ በኃይል ያስቀምጣል፣ ቆዳም ያሳክካል፣ ስለዚ ለህፃን አፍ ባይቀርብ ይሻላል። ቢጫው ሲጨርስ ቅጠሉን እጠቡ፣ እሾሃማ ጠርዙን በሁለቱም በኩል ቁረጡ፣ ልጣጩን አንሱና ነጩን ጄል ብቻ አውጥታችሁ እንደገና በውሃ አለቅልቁት።

የቀረውን ክዳን ባለው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ማቆየት ይቻላል፣ በበረዶ መስሪያ ፍሪዘር ውስጥ ካደረጋችሁት ብዙ ይቆያል። ሽታው ከተለወጠ ጣሉት።

ለምን ይጠቅማል? ፀሐይ ላቃጠለው ቆዳ፣ ከተላጫችሁ በኋላ ለሚያቃጥል ፊት፣ ለደረቀ እጅ በጣም ደስ ይላል። ፀጉር ላይ ከመታጠባችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት የራስ ቆዳችሁን ብታሹበት ያለሰልሳል። ቡና ወይ ምጣድ ትንሽ ላቃጠለው ቦታ መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር አድርጉት፣ ጄሉ ከዛ በኋላ ነው፣ ሊጥ፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙና ግን እባካችሁ አታድርጉ። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ህፃን ከሆነ ምንም ሳትቀቡ ሐኪም ቤት። ማድያት በሳምንት ያጠፋል የሚለውንም ወሬ አትመኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሙ ክርናችሁ ውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ከቀላ ወይ ካሳከከ ለእናንተ አይሆንም ማለት ነው።

መጠጣቱን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ ሙሉ ቅጠሉን በጁስ መፍጫ ፈጭታችሁ አትጠጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 እሬት ያለባቸው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ከገበያ እንዲወጡ ወስኗል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ያልተጣራውን የሙሉ ቅጠል ጭማቂ ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። እርጉዝ፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ጭራሽ አይሞክረው። ውሻና ድመት ካላችሁም ቅጠሉን እንዳያኝኩት ቫዙን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ያስታውካቸዋል።