ኢ-ካድሄሪን አልታይ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኢ-ካድሄሪን ህዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። በላብራቶሪ ስንፈልገው ውጤት ሲጠፋ ወቀሳው ሁሉ ፕሮቲኑን ለይቶ በሚይዘው አንቲቦዲ ላይ ይወርዳል። እኔም አንድ ጊዜ አዲስ አንቲቦዲ አስመጥቼ ያው ባዶ ውጤት ጠብቆኛል። አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው ህዋሳቱ ከሳህኑ በምን እንደተነሡ ነው።

ምልክት፦ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ህዋሳትን አንድ በአንድ በጨረር በሚለካው ዘዴ) ምንም አይታይም።
መንስኤ፦ ከህዋሱ ውጭ ያለው የፕሮቲኑ ክፍል ቅርጹን የሚይዘው በካልሲየም ነው። ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካል ካልሲየሙን ሲነጥቀው ይላላል፤ ትሪፕሲን የተባለው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ደግሞ የላላውን ይቆርጠዋል። ሁለቱ ህዋሳትን ከሳህን ለማንሳት በአንድ ጠርሙስ ተደባልቀው ስለሚመጡ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይደርሳል።
መፍትሄ፦ ትሪፕሲኑን ትተው በኢዲቲኤ ብቻ ያንሱ፤ ከዚያ ካልሲየም ባለው መፍትሄ አጥበው በዚያው ያቅልሙ። ትሪፕሲን የግድ ከሆነ ያለ ኢዲቲኤ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር ካልሲየም ጨምረው ይጠቀሙ፤ ፕሮቲኑ ይተርፋል፣ ህዋሳቱ ግን ተጣብቀው ይቀራሉ። ለፍሎው የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል።

ምልክት፦ በማይክሮስኮፕ ሥር የማር እንጀራ የሚመስል መረብ ሲጠበቅ የደበዘዘ ጭጋግ ብቻ ይታያል።
መንስኤ፦ ህዋሳቱ ገና አልተቀራረቡም፤ ጎረቤት የሌለው ህዋስ መጋጠሚያ አይሠራም። አለዚያም ከመጠገናቸው (በኬሚካል ባሉበት ቅርጽ እንዲቆዩ ከመደረጋቸው) በፊት ካልሲየም በሌለው መፍትሄ ታጥበው መጋጠሚያው ተከፍቷል።
መፍትሄ፦ ሳህኑ እስኪሞላ ይጠብቁ፤ በሚያጥቡበት መፍትሄ ካልሲየም ይኑር። አንቲቦዲው ከህዋሱ ውስጥ ያለውን የፕሮቲኑን ጅራት የሚይዝ ከሆነ በፓራፎርማልዴሃይድ ከተጠገኑ በኋላ ሳሙና መሰል በሆነው ትራይተን (0.1 በመቶ) የህዋሱን ሽፋን ይብሱ።

ምልክት፦ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በሚያሳየው ዘዴ) የኢ-ካድሄሪን መጠን ከሆነው ከ120 ኪሎዳልተን ሌላ መስመር ይወጣል።
መንስኤ፦ ከፍ ብሎ 135 አካባቢ ያለው ገና ያልተቆረጠው ቀዳሚ ቅርጽ ነው። 80 አካባቢ ያለው የውጭው ክፍል ተቆርጦ የተለየ ነው፤ ጅራቱን የሚይዝ አንቲቦዲ ግን አያየውም፣ 38 አካባቢ ያለውን ቁራጭ ያያል እንጂ።
መፍትሄ፦ ህዋሳቱን በትሪፕሲን ሳይሆን በረዶ ላይ ፍቀው ያንሱ፤ ፕሮቲን ቆራጮችን የሚያግድ ውህድ ይጨምሩ። ሆኖም አንዳንድ ህዋሳት ራሳቸው ፕሮቲኑን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ያ ስህተት ሳይሆን ውጤት ነው።

120 ላይ ያለ መስመርም ያታልላል፤ ዘመዱ ፒ-ካድሄሪን በዚያው አካባቢ ይቀመጣል፣ አንዳንድ አንቲቦዲዎችም ሁለቱን አይለዩም። ስለዚህ ለማነጻጸር ሁለት የጡት ካንሰር ህዋሳት ዘሮችን፣ ኢ-ካድሄሪን ያለውን ኤምሲኤፍ-7 እና የሌለውን ኤምዲኤ-ኤምቢ-231፣ ጎን ለጎን ያሂዱ።