የጠጅ ሳር ዘይት ሲያንስ፣ ሲያርር፣ ሲጠቁር

ዘይቱ አነሰ። ሐዋሳና ወንዶ ገነት አካባቢ የጠጅ ሳር ዘይት በእንፋሎት የሚያወጡ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያነሱት ቅሬታ ይህ ነው፤ ወቀሳው ደግሞ ወዲያው ችግኙ ላይ ይወርዳል። ከወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያም ቢሆን ቅጠሉ ከታች በሚፈላ ውኃ እንፋሎት የሚበስልበት በርሜል በደንብ ካልተሞላ ዘይቱን አይለቅም።

ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ከ200 እስከ 500 ግራም ዘይት ይጠበቃል። ክረምት ላይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት የታጨደ ቅጠል ውኃ ስለሚበዛበት ወደ 200ው ይጠጋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ከዚያ ከወረደ ግን ያለቀለትን ቅጠል ከላይ ጀምራችሁ በንብርብር እያወጣችሁ እዩት። አንዱ ጎን ቡናማ ሆኖ ሌላው አረንጓዴ እንደሆነ ከቀረ፣ ወይም የበርሜሉ ዳር ዳር ብቻ ከበሰለ፣ እንፋሎቱ ክፍተት አግኝቶ በዚያው ሾልኳል።

ጥፋቱ አሞላሉ ላይ ነው። ቅጠሉን ጥላ ሥር ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉና ሌሊቱን ይጠውልግ፤ ከከመራችሁት ይግላል፣ ይሻግታል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቆራርጡት። አንድ ስንዝር በሞላ ቁጥር ርገጡት፤ ዳሩን ከመሃሉ ይበልጥ ጠበቅ አድርጉ። ሁሉን በአንዴ ገልብጦ ላይ ላዩን መርገጥ ዋጋ የለውም። በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ካመለጠ በሊጥ ምረጉት።

ሁለተኛው ሌባ እንፋሎቱን ወደ ፈሳሽ የሚመልሰው ማቀዝቀዣ ነው። የሚወርደው ፈሳሽ ለእጅ ለብ ካለ ደህና ነው፤ ካቃጠለ ዘይቱ እየተነነ ነው። ሰፈሩ በዘይቱ ሽታ ታወደ ብሎ የሚኩራራ አለ። ያወደው ሊሸጥ የነበረው ዘይት ነው! ቀዝቃዛው ውኃ ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ፤ እሳቱንም ቀንሱ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንጨት ብትቆልሉበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ እንፋሎቱ በዝቶ ማቀዝቀዣው ያቅተዋል፣ ውኃውም ቶሎ ያልቃል።

ያረረ ሽታ የሚመጣውም ከዚሁ ነው፦ ውኃው አልቋል፣ ወይም ቅጠሉን ከውኃው በላይ የሚይዘው ወንፊት ዝቅ ብሎ ቅጠሉ ውኃው ውስጥ ተነክሯል። ወንፊቱን ከውኃው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉ። ያረረውን ከደህናው ጋር አትቀላቅሉ፤ ሁለቱንም ታጣላችሁ።

ዘይቱ ከጠቆረ ብረቱ ዝጓል፤ ስቴንለስ ይሻላል። ናፍጣ የነበረበትን በርሜል አጥቦ መጠቀም የሚባል ነገር የለም።

ከደፈረሰ ውኃ ቀርቶበታል፤ አሳድራችሁ ዘይቱን ከላይ ቅዱ። ጀሪካን ውስጥ አታስቀምጡት፣ ፕላስቲኩን ይበላል። ቡናማ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ ጨለማ ቦታ አኑሩት።